አምባሰል ጀምሬ ትዝታ ላይ የጨረስኩበት ቀን

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ልምምድ ላይ ነን። ዘፈኑ የወሎ ዜማ ነው፣ ቅኝቱ (ዜማው የሚሠራባቸው አምስት ድምፆች ስልት) አምባሰል፣ ማረፊያው (ዜማው ቤቴ ብሎ የሚያርፍበት ድምፅ) ጂ። መሐል ላይ አሥራ ስድስት ባር (የምት ክፍል) የጊታር ሶሎ ተሰጥቶኛል። ሳምንቱን ሙሉ ቤት ቁጭ ብዬ ስሠራበት ነው የከረምኩት። አምስቱን ድምፆች፣ ጂ፣ ኤ ፍላት (ፍላት ማለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)፣ ሲ፣ ዲ እና ኢ ፍላት፣ በጊታሩ አንገት ላይ ከታች እስከ ላይ አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ሶሎው ደረሰ፣ ተጫወትኩ፣ ከአምስቱ ውጪ አንድም ድምፅ አልነካሁም። ደስ ብሎኝ ቀና ስል ኪቦርድ የሚጫወቱልን ጋሼ ፈገግ ብለው "ቆንጆ ትዝታ ነው" አሉኝ።

"ኧረ ጋሼ፣ አምባሰል ነው እኮ!"

"ዘፈኑማ አምባሰል ነው። አንተ የተጫወትከው ትዝታ ነው።"

ተከራከርኩ። ድምፆቹን በስማቸው እየጠራሁ ቆጠርኩላቸው። አልመለሱልኝም። በግራ እጃቸው ወፍራም ሲ ተጫኑና የሶሎዬን የመጨረሻ ሐረግ በቀኝ እጃቸው ደገሙት። ጥርት ያለ ትዝታ ማይነር ነው። ከዚያ ግራ እጃቸውን ወደ ጂ ወሰዱ፣ ያንኑ ሐረግ እንደገና ተጫወቱት፣ መጨረሻውን ብቻ ጂ ላይ አሳረፉት። አምባሰል! ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

ቤት ገብቼ ወረቀት ላይ ጻፍኩት። የሲ ትዝታ ማይነር ድምፆች ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ እና ኤ ፍላት ናቸው። የጂ አምባሰል ደግሞ ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ እና ኢ ፍላት። ያው አምስቱ ናቸው። የሚለያዩት የትኛው ድምፅ ቤት እንደሆነ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ሳላስበው ሐረጎቼን ሁሉ ሲ ላይ እየዘጋሁ ነበር፣ ምክንያቱም ጣቴ የለመደው እሱን ነው፣ ማይነር ነገር ስሠራ ሁልጊዜ ከሲ ነበር የምጀምረው። ቤዝ የሚጫወተው ጓደኛችን ጆሮው ስል ስለሆነ ተከትሎኝ ሲ ላይ መቆም ጀመረ። ሁለታችን ተያይዘን ዘፈኑን ከአምባሰል አውጥተን ትዝታ ውስጥ ከተትነው።

ስለ ሞድ የገባኝን ነገር ሁሉ ያገኘሁት ከዚያ ቀን ነው። ሞድም በሉት ቅኝት፣ የድምፆች ከረጢት አይደለም። አንድ ማረፊያ አለ፣ ሌሎቹ ድምፆች ከእሱ ጋር ያላቸው ዝምድና አለ፣ ስሜቱ የሚመጣው ከዚያ ዝምድና ነው። ድምፆቹን በቃል መያዝ የሥራው ትንሹ ክፍል ነው።

ጊታር የሚማር ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ተቃራኒው ነው። አዮኒያን፣ ዶሪያን፣ ፍሪጂያን፣ ሊዲያን፣ ሚክሶሊዲያን፣ ኤኦሊያን፣ ሎክሪያን ተብሎ ሰባት ስም ይሰጠዋል፣ ለእያንዳንዱ የጣት ሥዕል ይሰጠዋል፣ "ዲ ዶሪያን ማለት ሲ ሜጀርን ከዲ መጀመር ነው" ይባላል። ውሸት አይደለም። ሶሎ ላይ ግን አይጠቅምም። ባንዱ ዲ ላይ ቆሞ እናንተ በጭንቅላታችሁ ሲ ሜጀር እያሰባችሁ ከሆነ፣ ጣታችሁ ሳታውቁት ሲ ላይ ይሄዳል። እኔ አምባሰሉ ላይ የሠራሁት ልክ ይህንኑ ነው።

ቅኝት የሚለውን ቃል አስቡት እስቲ። መቃኘት ከሚለው ነው የመጣው። ክራር የሚመታ ሰው ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ ሲሄድ ክሮቹን አጥብቆና አላልቶ እንደገና ይቃኛል። ቅኝቱ ጣቱ ስር ነው፣ ከውጪ ያለው ድምፅ መሣሪያው ላይ የለም። ጊታር ይህን ዕድል አይሰጠንም። ስድስቱ ክሮች ለትዝታውም ለሮኩም ለጃዙም ያው ናቸው። አሥራ ሁለቱም ድምፆች ሁልጊዜ ተዘርግተው ይጠብቁናል። ስለዚህ ጊታሪስት መቃኘት ያለበት ክሩን ብቻ አይደለም፣ ጆሮውንም ነው፣ ያውም ዘፈን በተቀየረ ቁጥር። ልምምድ ከመጀመሬ በፊት አሁን ሁሌም የማደርገው ነገር አለ፦ ማረፊያውን ድምፅ አንዴ መትቼ እስኪጠፋ ድረስ አዳምጣለሁ፣ ከዚያ በአፌ አንጎራጉረዋለሁ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ወደ ተግባሩ።

ጊታር የጀመረ ሰው ሁሉ የሚያውቃት የመጀመሪያዋ ሥዕል አለች፣ አምስተኛው ፍሬት (አንገቱን የሚከፋፍለው ብረት) ላይ ያለችው ኤ ማይነር ፔንታቶኒክ፣ አምስት ድምፅ ያላት። ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ። ይህቺን የምታውቁ ከሆነ ሁለት የእኛን ቅኝት እያወቃችሁ ነው የኖራችሁት። ማረፊያችሁ ኤ ከሆነ ባቲ ማይነር ነው። ማረፊያችሁ ሲ ከሆነ ትዝታ ሜጀር ነው። አንድም ጣት አይቀየርም።

ስልካችሁ ላይ የኤ ማይነር ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ብቻ ለሁለት ደቂቃ ቅዱ፣ ቀጥሎ ሲ ሜጀር ብቻ ለሁለት ደቂቃ። በሁለቱም ላይ ያቺኑ ሥዕል ተጫወቱ። ግን አንድ ሕግ ይኑር፦ በመጀመሪያው ላይ ሐረግ ሁሉ ኤ ላይ ይለቅ፣ በሁለተኛው ሲ ላይ። ስድስተኛው፣ ወፍራሙ ክር ላይ ኤ አምስተኛው ፍሬት ነው፣ ሲ ስምንተኛው። የሦስት ፍሬት ርቀት ነው፣ ስሜቱ ግን ሌላ አገር ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የሞድ ትምህርት አላየሁም፣ ሰባቱን የግሪክ ስሞች ለወራት ቢቆያቸው ምንም አይጎዳም።

ቀጥሎ የመጣልኝ ልምምድ ደግሞ ከመሰንቆ የተወሰደ ነው። መሰንቆ አንድ ክር ነው ያለው፣ ያም ሆኖ አራቱም ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ ይወጡበታል። እኔም አንድ ክር ብቻ መጫወት ጀመርኩ። ሦስተኛውን ክር፣ ጂን። ክፍት ክሩ ማረፊያ ነው፣ ዜሮ በሉት። የቀረው የፍሬት ቁጥር ነው። ትዝታ ሜጀር 0፣ 2፣ 4፣ 7፣ 9፣ 12። ትዝታ ማይነር 0፣ 2፣ 3፣ 7፣ 8፣ 12። ባቲ ሜጀር 0፣ 4፣ 5፣ 7፣ 11፣ 12። ባቲ ማይነር 0፣ 3፣ 5፣ 7፣ 10፣ 12። አምባሰል 0፣ 1፣ 5፣ 7፣ 8፣ 12። አንቺሆዬ 0፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9፣ 12። በሌላ ክር ብትሞክሩትም ቁጥሩ አይለወጥም፣ ማረፊያው ብቻ ይለወጣል።

አንድ ክር ላይ ሲሆን ርቀቱ በዓይን ይታያል። ይህ ነው ዋናው ጥቅሙ። ሥዕል ይዘን ስድስቱ ክሮች ላይ ስንጫወት ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ያለው ርቀት ይደበቃል፣ ክር በመቀየር ስለምናልፈው። አምባሰልን አንድ ክር ላይ ስትጫወቱት ግን ከዜሮ ወደ አንድ ትንሽዬ እርምጃ ናት፣ ከአንድ ወደ አምስት ደግሞ እጃችሁ ራሱ ይዘላል። ጠባብ፣ ከዚያ ሰፊ። የአምባሰል ነፍስ ያለው እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ትዝታ ሜጀር ላይ እንደዚህ ዓይነት ጠባብ እርምጃ የለም፣ ከሁለት ፍሬት ያነሰ ርቀት አታገኙበትም፣ ለዚህም ይመስለኛል ለስለስ የሚለው። ትዝታ ማይነር ሁለት ጠባብ እርምጃዎች አሉት፣ ከ2 ወደ 3 እና ከ7 ወደ 8። እነዚያ ላይ ጣታችሁን እያንሸራተታችሁ ስትመጡ ዜማው የሚያለቅስ ይመስላል።

ጊታሪስቶች ሰፊውን ክፍተት ስናይ መሙላት እንወዳለን። እጃችን ፈጣን ነው፣ ባዶ ፍሬት ማለፍ ያሳዝነናል። አምባሰል ላይ 1 እና 5 መካከል 3ን ብትጨምሩበት ግን ምን እንደሚሆን ሞክሩት። ወዲያው ፍሪጂያን ይሆንና የስፔን ጊታር ይሸታል። ፍሪጂያን ከአምባሰል ጋር ዘመድ ነው፣ አምስቱም የአምባሰል ድምፆች ውስጡ አሉ፣ ተጨማሪዎቹ 3 እና 10 ናቸው። እነዚያን ሁለቱን ስንተው ነው አምባሰል የሚሆነው። የቀረው ድምፅ ከገባው እኩል ይናገራል። የማሪቱ ለገሰን አምባሰል ስሙ፣ ዝላዩን በባዶ ነው የምትተወው፣ አትሞላውም። የአስናቀች ወርቁን ክራርም እንዲሁ። ጊታር ለመማር ዘፋኝና ክራር መስማት ከጊታር ሶሎ መስማት በላይ ጠቅሞኛል።

የጊታር ሶሎም አይሰማ ማለቴ አይደለም። በደርግ ዘመን ካሴቶች ላይ የሮሃ ባንዱ ሰላም ስዩም ጊታር እንዴት ከድምፃዊው ጋር እንደሚነጋገር ያደግንበት ነገር ነው፣ የግሩም መዝሙርንም አኩስቲክ ሥራዎች ደጋግሜ እሰማለሁ። ግን ሐረጎቹን እንዳሉ መቅዳት ብቻውን አይበቃም። እኔ ስሰማ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ሐረግ የት አረፈ?

የፈረንጆቹን ሞዶች በተመለከተ ያው መንገድ ነው የሠራልኝ። ሰባት ድምፅ በቃል ከመያዝ ማረፊያውንና አንዷን ቀለም የምትሰጠውን ድምፅ መያዝ። ዶሪያንን እንውሰድ። ኤ ማይነርና ዲ ሜጀር ኮርድ እየተፈራረቁ ቅዱ። ያችኑ አምስተኛ ፍሬት ላይ ያለችውን ሥዕል ያዙ፣ አንድ ድምፅ ብቻ ጨምሩባት፣ ሁለተኛው ክር ሰባተኛው ፍሬት ላይ ያለውን ኤፍ ሻርፕ (ሻርፕ ማለት ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ነው)። ዲ ሜጀር በመጣ ቁጥር እዚያ ላይ ትንሽ ቆዩ፣ ኤ ማይነር ሲመለስ ወደ ኤ ውረዱ። ያ ነው ዶሪያን። ጊታሪስቱን ሳንታናን የሰማ ሰው ስሙን ባያውቅም ድምፁን ያውቀዋል። አሁን ዲ ሜጀርን አውጥታችሁ በኤፍ ሜጀር ኮርድ ተኩት። ሰባተኛው ፍሬት ጆሮ ይወጋል፣ ወደ ስድስተኛው ስትመጡ ይስተካከላል። ኤኦሊያን ሆናችሁ። የአንድ ፍሬት ልዩነት ነው፣ አንዱ ውስጡ ብርሃን አለበት፣ ሌላው ይጨልማል።

ሚክሶሊዲያንም እንዲሁ ነው፣ ኤ ሜጀርና ጂ ሜጀር አፈራርቁና ሲ ሻርፕንና ጂን አንድ ሐረግ ውስጥ አስገቡ። ፍሪጂያን ኢ ማይነርና ኤፍ ሜጀር ነው፣ ቀለሙ ኤፍ። ሊዲያን ሲ ቤዝ ላይ ቆሞ ሲና ዲ ሜጀር ማፈራረቅ ነው፣ ቀለሙ ኤፍ ሻርፕ። ሎክሪያንን ሶሎ ላይ ፈልጌው አላውቅም።

ኮርድ ላይ ግን መቆየት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም የእኛ ቅኝት ላይ ብዙ ሶሎ የሚበላሸው በጊታሪስቱ ሳይሆን ከስር ባለው ኮርድ ነው። ወደ ጂ አምባሰል እንመለስ። ቢም ሆነ ቢ ፍላት የለበትም። ስለዚህ ማረፊያው ላይ ጂ ሜጀርም ጂ ማይነርም መሥራት አይቻልም፣ ሦስተኛው ድምፅ የለማ። ሙሉ ለሙሉ ከቅኝቱ ውስጥ የሚወጡት ኮርዶች ሲ ማይነርና ኤ ፍላት ሜጀር ናቸው። ኪቦርዱ ወይም ሁለተኛው ጊታር ኮርድ ፍለጋ ሲ ማይነር ላይ ቁጭ ካለ ጆሮ ሁሉ ወደ ሲ ይሄዳል፣ ሲ ደግሞ ትዝታ ማይነር ነው። ያን ቀን እኔ ብቻዬን አልነበርኩም የሳትኩት ማለት ነው፣ ኮርዱም እየገፋኝ ነበር። አሁን አምባሰል ስንሠራ አስቀድሜ እነጋገራለሁ። ቤዙ የባሩ መጀመሪያ ላይ ጂ ይምታ፣ ኮርድ የሚሠራው ሰው ጂና ዲን ብቻ አንድ ላይ ይያዝ፣ ሲ ማይነር ይግባ ግን አይቆይ። ይህ ብቻ ከተያዘ ሶሎው ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ትዝታ ሜጀር ይቀላል። የሲ ትዝታ ውስጥ ሲ ሜጀርና ኤ ማይነር ሙሉ ናቸው። ባንዱ ኤፍ ሜጀር ሲያመጣ ኤፍ ራሱ ቅኝቱ ውስጥ የለም፣ ኤ እና ሲ ላይ ስትቆሙ ግን ኮርዱም ቅኝቱም ደስ ይላቸዋል። ጂ ሜጀር ሲመጣ ጂ እና ዲ። ቢን ለኪቦርዱ ተዉለት። ብዙ ልጆች ኮርዱን ልከተል ብለው ቢን ሶሎ ውስጥ ሲያስገቡ እሰማለሁ። የኮርዱ ልክ ነው፣ ትዝታው ግን እዚያው ይሰበራል። ሙላቱ አስታጥቄ በኢትዮ ጃዝ አምስት ድምፅ ያላቸውን ቅኝቶች ከአሥራ ሁለቱ ድምፅ ሐርመኒ ጋር ሲያዋሕድ የሠራው ሥራ ከባድነቱ የገባኝ ይህን ራሴ መሞከር ከጀመርኩ በኋላ ነው። ከስር የፈለገውን ያህል ይንቀሳቀስ፣ ከላይ ያለው ዜማ ቅኝቱን አይለቅም።

ሌላው ፍሬት ነው። ፍሬት ቋሚ ነው፣ የሰው ድምፅና መሰንቆ ግን ቋሚ አይደሉም። አምባሰል ላይ ያቺን 1ኛዋን ፍሬት ሁልጊዜ እንዳለች አልጫናትም፣ ማረፊያውን በክፍት ክር ሳይሆን በጣቴ ተጭኜ እይዝና ክሩን እየገፋሁ እደርስባታለሁ፣ ስመለስ ክሩን ቀስ ብዬ እለቀዋለሁ። ፍጥነት አያስፈልግም። ችክችካ ላይ ሲሆን እንዲያውም ምቱ ራሱ ስለሚሮጥ ጊታሩ ረዘም ያሉ ድምፆችን ቢይዝ ያምራል። አራት ባር ሙሉ ሁለት ድምፅ ብቻ፣ 0 እና 1፣ ተጫወቱና ምን ያህል ታሪክ እንደሚወጣበት እዩ። ሁለት ድምፅ ይዞ መናገር ያቃተው ሰው አምስቱን ሲሰጡት መበተን ይጀምራል፣ ራሴን አይቼ ነው የምለው።

አሁን ያለሁት አንቺሆዬ ላይ ነው። ከአራቱ ለጊታር የከበደኝ እሱ ነው። 0፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9፣ 12። ሰባተኛው ፍሬት የለም! በሌሎቹ ቅኝቶች ሁሉ 7 አለ፣ ጣት ሲደክም የሚደገፍባት ምሰሶ ናት። አንቺሆዬ ምሰሶዋን ነቅሎ በቦታው 6ን ያቆማል። ወር ሙሉ ጣቴ ወደ 7 እየሄደ አስቸገረኝ። እሱን ተገላገልኩ ስል ሌላ መጣ። የጂ አንቺሆዬ ድምፆች ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ ፍላትና ኢ ናቸው። ከመሐላቸው ሲ፣ ኢ እና ጂን አውጡ፣ ሙሉ ሲ ሜጀር ኮርድ ነው። ጆሮዬ ያቺን ኮርድ ሲያገኝ እፎይ ብሎ እዚያ መቀመጥ ይፈልጋል።

እንደገና ያው ሲ። ባለፈው ቅዳሜ ለጋሼ ተጫወትኩላቸውና ዓይናቸውን ጨፍነው ሲሰሙ ቆዩ። "ወደ ማለቁ ላይ ከቤትህ ተነሳህ" አሉኝ። የቱ ላይ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም፣ ራሴ ሰምቼዋለሁ። ዛሬ ማታ ሉፐሩ (የቀዳሁትን እየደጋገመ የሚያጫውተው መሣሪያ) ላይ ጂን ብቻ ቀድቼ፣ 5ኛውን ፍሬት ለጊዜው አውጥቼ፣ በ0፣ 1፣ 6 እና 9 ብቻ እሞክረዋለሁ።